የጤና አገልግሎት ምርምር ለሕክምናችን ምን ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታካሚዎች፣ ከጤና ባለሙያዎችና ከተማሪዎች በብዛት የሚነሡት ጥያቄዎች፣ ከመሠረታዊው ወደ አከራካሪው ተደርድረው፣ ከመልሶቻቸው ጋር ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የጤና አገልግሎት ምርምር ምንድን ነው?

አንድ በሽታ በምን እንደሚመጣና በምን እንደሚድን የሚያጠና ምርምር አለ፤ የታወቀው ሕክምና ለታካሚው በሰዓቱ፣ በሚችለው ዋጋና በተገቢው መንገድ መድረስ አለመድረሱን የሚያጠና ደግሞ ሌላ አለ። የጤና አገልግሎት ምርምር የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ማንኛውም ሰው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወረፋ ይዞ ሲቀመጥ የሚያነሣቸው ናቸው፤ ለምን ይህን ያህል እንጠብቃለን? ምርመራው ለምን እዚሁ አይሠራም? የታዘዘው መድኃኒት ለምን ከውጭ ይገዛል? ተመራማሪው የሚጨምርበት ነገር ቢኖር መልሱን ከመገመት ይልቅ መለካቱ ነው።

ደም ግፊትን የሚቆጣጠሩ፣ ዋጋቸውም ብዙ የማይከብድ መድኃኒቶች ከተገኙ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ነገር ግን አንድ የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ግፊቱ እንዲስተካከልለት አስቀድሞ ግፊት እንዳለበት የሚነግረው ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ለክትትል በቀጠሮው ቀን ከሥራው መውጣት መቻል አለበት፤ ሲመጣ ካርዱ መገኘት፣ መድኃኒቱም ከመደርደሪያው አለመጥፋት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ የመድኃኒቱ መፈልሰፍ ለእርሱ ምንም አልፈየደለትም። ምርምሩ የሚመለከተው ይህን በእውቀቱና በታካሚው መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ሥራውን የሚሠሩት ሐኪሞች ብቻ ናቸው?

አይደሉም። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የስታቲስቲክስና የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ የማኅበራዊ ሳይንስ አጥኚዎች አብረው ይሠሩበታል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲሁም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን ዓይነት ጥናት ከሚያካሂዱ ተቋማት መካከል ናቸው።

የሕክምና ጥራት ይለካል እንዴ?

ይለካል። ዛሬም በሰፊው የሚሠራበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረቡት ቤይሩት ተወልደው በአሜሪካ ያስተማሩት ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ናቸው። ጥራትን በሦስት ወገን እንድንመለከት አስተማሩ፤ አገልግሎቱ በምን ይሰጣል፣ እንዴት ይሰጣል፣ በመጨረሻ ታካሚው ምን ሆነ። በሙያው ቋንቋ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ይባላሉ።

ማዋለጃ ክፍልን እንውሰድ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለመከላከል ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእናትየዋ እንዲሰጥ ይመከራል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት አጥኚው መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ይከፍታል፤ ብልቃጡ አለ ወይ? የመጠቀሚያ ጊዜው አላለፈም ወይ? መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በምን ይሠራል? ይህ ግብዓት ነው። ቀጥሎ አዋላጅ ነርሷ መርፌውን በሰዓቱ መስጠት አለመስጠቷን ይመዘግባል፤ ይህ ሂደት ነው። እናትየዋ ብዙ ደም ሳይፈሳት ወደ ቤቷ መግባቷ ደግሞ ውጤቱ ነው። ሦስቱም ካልታዩ ስሕተቱ የት እንዳለ አይታወቅም። ማቀዝቀዣው ባዶ ሆኖ ሳለ አዋላጇን ለሥልጠና መላክ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው፤ በየተቋሙ ሲደረግ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የጥራት ጉዳይ ትርፍ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ «መጀመሪያ አገልግሎቱ ይድረስ፣ ጥራቱ ኋላ ይመጣል» ይላሉ። በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በሕክምና ሊድን በሚችል ሕመም በዓመት 8.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት የሞቱት ወደ ሕክምና ደርሰው በአገልግሎቱ ጉድለት ነው። ጨርሶ ሕክምና ያላገኙት 3.6 ሚሊዮን ናቸው።

ጤና ጣቢያ ላይ ወረፋው የሚረዝመው በሐኪም እጥረት ነው?

አንዳንዴ አዎን፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ምክንያት አብሮ አለ። ይህን ለመለየት የሚደረገው ጥናት በጣም ቀላል መሣሪያ ነው የሚፈልገው፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት። ታካሚው በር ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ተጽፎባት ትሰጠዋለች፤ ከዚያም በካርድ ክፍል፣ የሕመሙ አጣዳፊነት በሚለይበት በትሪያጅ፣ በሐኪሙ ክፍል፣ በካሸር፣ በላቦራቶሪ፣ እንደገና በሐኪሙ፣ በመጨረሻም በፋርማሲ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ይሰፍርባታል። የሁሉም ታካሚ ወረቀት ሲሰበሰብ አገልግሎት የተሰጠበት ጊዜና ዝም ብሎ የተጠበቀበት ጊዜ ተለይተው ይወጣሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቶ ከሰዓት በኋላ የወጣ ሰው ከሐኪሙ ጋር የቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ በዓይን ይታያል።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ሐኪሞቹ በቂ ሆነው ወረፋው ካርድ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል፤ የካርድ ቁጥሩን የረሳ ሰው ካርዱ በስም ሲፈለግለት፣ ካልተገኘም አዲስ ሲወጣለት ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። የተቀጠሩ ሰዎች በሙሉ «ጠዋት 2 ሰዓት ኑ» ተብለው ከሆነ ሰኞ ጠዋት ግቢው ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ። ላቦራቶሪው ውጤቱን አጠራቅሞ አንድ ላይ የሚልክ ከሆነም ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ያለ ሥራ ይቀመጥና በድንገት ይጨናነቃል። ለእያንዳንዱ መፍትሔው የተለየ ነው፤ ቀጠሮን በሰዓት መከፋፈል፣ መድኃኒት ብቻ የሚወስዱ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን በሌላ መስኮት ማስተናገድ፣ የካሸሩን የምሳ ሰዓት በፈረቃ ማድረግ። ተጨማሪ ሐኪም መቅጠር ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም።

በዚህ መስክ በአገር ደረጃ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱን ላንሣ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱና ጤንነታቸው የተረጋጋ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየስድስት ወሩ እየመጡ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ የሚያስችል አሠራር በኢትዮጵያ ተጀምሯል። የተረጋጋ ታካሚን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ማመላለስ ለጤናው የሚጨምርለት ነገር አነስተኛ እንደሆነ፣ በትራንስፖርትና በሥራ መጓደል ግን እንደሚጎዳው ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበው መረጃ አመልክቷል። የተገኘው ትርፍ የሁለት ወገን ነው፤ ታካሚው ዕረፍት አገኘ፣ የክትትል ክፍሉም በጠና ለታመሙት ጊዜ አገኘ።

ምርምር በእኛ አገር የለወጠው ነገር አለ?

አለ፤ ከሁሉም በላይ በእናቶች ጤና። ለረጅም ጊዜ «እናቶች ጤና ተቋም የማይወልዱት ተቋሙ ስለሚርቃቸው ነው» ተብሎ ይታሰብ ነበር። ርቀቱ እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቤታቸው የወለዱትን ሴቶች ምክንያት ሲጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስፈላጊ ሆኖ አልታየንም አሉ፤ ብዙዎችም ልማዳችን አይደለም አሉ። በሌሎች ጥናቶች ደግሞ እናቶች በግልጽ የተናገሩት ነገር ነበር፤ ብቻቸውን መግባታቸው፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው አለመኖሩ፣ መንገላታታቸው፣ ከወለዱ በኋላ እንደ ቤታቸው ገንፎ አለማግኘታቸው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ነው አምቡላንስ ከማከፋፈሉ ጎን ለጎን በብዙ ጤና ጣቢያዎች የወላዶች ማቆያ ክፍል መዘጋጀት፣ ገንፎ መገንፋት፣ ቡና መፈላት የተጀመረው፤ «ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትም በጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ዋና አጀንዳ ሆኖ ገባ። በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም፣ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ፣ ትልቁን ድርሻ ይዘዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሱ። ይህ ሁሉ የምርምር ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ መንገዱ፣ የሴቶች ትምህርት፣ የመንግሥት በጀት ሁሉም አለበት። ገንፎው ግን እናቶች ተጠይቀው የመጣ ነው።

ሌላው ምሳሌ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። ከከተማ ውጭ የማኅፀን ሐኪምና ቀዶ ጠጋኝ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ለዚህ ማሠልጠን ይቻል እንደሆነ ብዙ ተከራክረውበታል። ሞዛምቢክ ውስጥ እንዲህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያደረጓቸው በቀዶ ሕክምና የማዋለድ ሥራዎች ከስፔሻሊስቶቹ ጋር ተነጻጽረው የጎላ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2009 በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማኅፀን ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረች።

ሰዎች ጤና ጣቢያውን አልፈው በቀጥታ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሄዱት ለምንድን ነው?

በመመሪያው መሠረት በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ያህል ሰው እንዲያገለግል ተደርጎ ይታቀዳል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይላል። በተግባር ግን በመሀል አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ምኒልክ፣ ራስ ደስታና ጋንዲ ሁሉም በአጭር የታክሲ መንገድ ርቀት ላይ ናቸው፤ ሰው ደግሞ የተሻለ ያለውን ይመርጣል። ይህን እንደ ጥፋት አድርጎ ታካሚውን መውቀስ ቀላል ነው። የሚጠቅመው ግን ምርጫው ከምን እንደመጣ መረዳት ነው፤ ባለፈው ሄዶ መድኃኒት ያጣበት፣ ላቦራቶሪው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቆበት የተመለሰበት ጤና ጣቢያ ሁለተኛ ባይታመን አይገርምም።

በሪፈራል ላይ የሚደረግ ጥናት ሌላም የሚከታተለው ነገር አለ፤ ወረቀቱ ራሱ። ጤና ጣቢያው የላከው ታካሚ ሆስፒታል ደረሰ ወይ? ሆስፒታሉስ ምን እንዳገኘና ምን እንዳደረገለት ጽፎ መለሰ ወይ? የሪፈር ወረቀቱ የታችኛው ክፍል ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ ሳይሞላ የሚቀረውም በአብዛኛው እርሱ ነው። መልስ የማይደርሰው የጤና ጣቢያ ባለሙያ የላከው ታካሚ በእርግጥ መላክ ይገባው እንደነበር በምን ያውቃል? ስለዚህ በሚቀጥለውም ጊዜ ተጠራጥሮ ይልካል፣ ሆስፒታሉም ይጨናነቃል።

የጤና መድን ለውጥ ማምጣቱ እንዴት ይታወቃል?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ሆን ተብሎ ነው፤ ጥቂት ቦታ ተሞክሮ፣ ተጠንቶ፣ ከዚያ እንዲሰፋ። ጥናቶቹ አባላት ከአባል ካልሆኑት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም አዘውትረው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መድን የሚገባው ቀድሞውኑ ሕመም ያለበት ሰው ሊሆን ስለሚችል ብዙ መሄዱ የመድኑ ውጤት ነው ወይስ የሕመሙ የሚለውን መለየት ግድ ነው። አባላት በየዓመቱ መታወቂያቸውን የማያሳድሱባቸው ምክንያቶችም ተጠንተዋል፤ ከዋናዎቹ አንዱ ከፍሎ ገብቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» መባል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በኦፕራሲዮን መውለድ ለምን በዛ?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 2 ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ከመቶ 20 በላይ ነበሩ። ሁለቱም ቁጥሮች አሳሳቢ ናቸው። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች እንዳላገኙት ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሳያስፈልጋቸው የተደረገላቸው እንዳሉ እንድንጠረጥር ያደርጋል። ከከተማ ውጭ ከባድ ምጥ ያለባቸው እናቶች ወደ አዲስ አበባ መላካቸው ብቻውን ልዩነቱን አያብራራም፤ ጥናቱ የሚቆጥረው ነዋሪዎችን ነውና።

እንዲህ ያለውን ልዩነት መመርመር የዚህ ሙያ የቆየ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዌንበርግና ባልደረባቸው በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ጎረቤት በሆኑ አካባቢዎች የሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎችን ሲያነጻጽሩ በአንዱ አካባቢ የቶንሲል ኦፕራሲዮን ከሌላው ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኙት፤ የሕዝቡ ሕመም ግን ያን ያህል አይለያይም ነበር። የሚለያየው የሐኪሞቹ ልማድና የአገልግሎቱ አቅርቦት ነበር። በእኛም ከተማ መጠየቅ ያለበት በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ እናቶች በመንግሥትና በግል ሆስፒታሎች፣ በሥራ ቀንና በበዓል፣ በቀንና በሌሊት ተመሳሳይ ውሳኔ ያገኛሉ ወይ የሚለው ነው። የእናት ጤና ከባለሙያው የሥራ ሰዓትና ከክፍያው መጠን ጋር መያያዝ የለበትም።

በጥናት እንድሳተፍ ብጠየቅ እምቢ ማለት እችላለሁ? ስሜስ ይወጣል?

እምቢ ማለት ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት የሚቀርብዎ ወይም የሚጓደልብዎ ሕክምና ሊኖር አይገባም። ማንኛውም እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሩ በፊት በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ ይፈቀዳል። መረጃ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ጥናቱ ስለምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድብዎ በሚገባዎት ቋንቋ ሊነግርዎና ፈቃድዎን ሊጠይቅ ግዴታው ነው። ከጀመሩ በኋላም ማቋረጥ ይችላሉ። በመጠይቁ ላይ በስም ፋንታ የመለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ሪፖርቱም የብዙ ሰዎችን መልስ በድምር ያቀርባል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጠያቂው ነጭ ጋዎን ለብሶ፣ ሕክምናውን ከሚሰጥዎ ባለሙያ ጋር ቆሞ ከሆነ «እንዲህ ባለ ቦታ አልመልስም፣ ለብቻችን እንሁን» ማለት መብትዎ ነው፤ ለጥናቱም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ታካሚዎች «ረክተናል» ካሉ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ታክሞ የሚወጣ ሰው በር ላይ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ምስጋናው ከልብ ሊሆን ይችላል፣ ነገም ተመልሶ የሚመጣበት ቤት በመሆኑ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ብዙ ያልጠበቀ ሰው በጥቂቱ ይረካል። ስለዚህ ጎበዝ አጥኚ «ረክተዋል ወይ?» ብሎ ብቻ አይተውም፤ የሆነውን ይጠይቃል። ሐኪሙ ስሙን ነገርዎት? ሕመምዎ ምን እንደሆነ አስረዳዎት? መድኃኒቱን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ይንገሩኝ እስቲ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ብዙ ያወጣል። ታካሚው ረክቶ፣ አመስግኖ፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ግን ሳያውቅ ሊወጣ ይችላል።

በባለሙያውም በኩል ተመሳሳይ ችግር አለ፤ እየታየ የሚሠራ ሰው ከወትሮው ይልቅ ይጠነቀቃል። ለዚህ ሲባል አጥኚዎች ለረጅም ቀናት ተቀምጠው ባለሙያው እስኪለምዳቸው ይጠብቃሉ፤ አለዚያም እንደ ታካሚ ሆነው የሚቀርቡ የሠለጠኑ ሰዎችን ይልካሉ፤ ይህኛው ግን አስቀድሞ የተቋሙንና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ይሁንታ ይሻል።

በሪፖርት ላይ የሚቀርበው ቁጥር ይታመናል?

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ መታመን የለበትም። የጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት የሚጀምረው ባለሙያዋ በሥራ መሀል በእጇ ከምትሞላው ትልቅ መዝገብ ነው። አንዱ ዓምድ የክብደት፣ አንዱ የደም ግፊት፣ አንዱ የተሰጠ ምክር ነው፤ ወረፋው ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለሉት የመጨረሻዎቹ ናቸው። በወሩ መጨረሻ ተቆጥሮ ወደ ወረዳ፣ ወደ ክፍለ ከተማ ይሄዳል። የመረጃ ጥራት ፍተሻ የሚባለው አጥኚው መዝገቡን ራሱ ቆጥሮ ከተላከው ሪፖርት ጋር ሲያስተያይ ነው። ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ኮምፒዩተራዊ ሥርዓት መደመሩንና መላኩን አፋጥኗል፤ በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈውን ግን ሊጽፍ አይችልም።

በጥንቃቄ የተሠራ ትልቅ ጥናትም ወሰን አለው። የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2011 በ100,000 ሕያው ወሊድ 676፣ በ2016 ደግሞ 412 ነው ተብሏል። ሁለቱም ከናሙና የተሰሉ ግምቶች በመሆናቸው የመጀመሪያው ከ541 እስከ 810፣ ሁለተኛው ከ273 እስከ 551 ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳዩትም የጥናቱን ዓመት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት ነው። ሞቱ መቀነሱን የሚጠቁም ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ «በዚህ ዓመት በተጀመረው በዚህ ፕሮጀክት ምክንያት በዚህን ያህል ቀነሰ» ብሎ መናገር ግን ከቁጥሩ በላይ መናገር ነው። በየስብሰባው እንዲህ ሲባል እየሰሙ ዝም ማለት ለእናቶቹ አይጠቅምም።

ውጭ አገር የሠራ አሠራር እኛ ጋር ይሠራል?

ሊሠራም ላይሠራም ይችላል፤ የሚወስነው እንዴት እንደተተገበረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከኦፕራሲዮን በፊት፣ በመካከልና በኋላ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚነበብ ባለ 19 ነጥብ ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) አዘጋጅቶ ነበር። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ የጤና መታወክ ደግሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የታንዛንያዋ ኢፋካራ ናት፤ ስለዚህ የሀብታም አገር ነገር ነው ሊባል አይችልም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ግን ሆስፒታሎች ቼክሊስቱን እንዲጠቀሙ ከታዘዙ በኋላ ከ100 በሚበልጡ ሆስፒታሎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ውጤት የሚጠቀስ ለውጥ አልተገኘም።

ያው ወረቀት ነው፤ ውጤቱ ተለያየ። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ በመጀመሪያው ጥናት የቡድኑ አባላት ሠልጥነው፣ አምነውበትና እየተከታተሉት ሲሠሩ በሁለተኛው ብዙ ቦታ ሳጥኑ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ሆኖ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። በእኛም ኦፕራሲዮን ክፍሎች ጥያቄው «ቼክሊስቱ በካርዱ ውስጥ አለ ወይ?» ከሆነ መልሱ አዎን ይሆናል። መጠየቅ ያለበት ነርሷ «ቆይ፣ ፋሻው አልተቆጠረም» ብትል ቀዶ ጠጋኙ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። የማዕረግ ልዩነት በሚከበርበት ቤት ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቱን ብቻ በማባዛትም አይመለስም።

ጥናቱ «ለውጥ አላመጣም» ካለ ከሽፏል ማለት ነው?

አይደለም፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሳንባ ምችን ጨምሮ የሕፃናትን ሕመም በጤና ኬላ እንዲያክሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ስትወስን ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች አገልግሎቱ የተጀመረባቸው ወረዳዎች ካልተጀመረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ የሕፃናት ሞት በሁለቱም ወገን ቀንሶ ተገኘ፤ በአገልግሎቱ ምክንያት ነው የሚባል የጎላ ልዩነት አልታየም። ባለሙያዎቹ ሲያክሙ መጥፎ አላከሙም። ችግሩ ወደ ጤና ኬላው የመጡት የታመሙ ሕፃናት ጥቂት መሆናቸው ነው።

ይህ ግኝት ባይኖር ኖሮ ቀጣዩ እርምጃ ሌላ ሥልጠናና ሌላ መድኃኒት ይሆን ነበር። ከተገኘ በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠ፤ ወላጆች ለምን አልመጡም? ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ወይም ስብሰባ ስትሄድ ኬላው ይዘጋል፤ ማኅበረሰቡም በመጀመሪያ የሚያውቃት ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ስታስተምር እንጂ ስታክም አይደለም። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ማፈርና መደበቅ የሚቀጥለውን ልጅ ይጎዳል።

ይህን ያህል ጥናት ይሠራል፤ ለምን መደርደሪያ ላይ ይቀራል?

የመጀመሪያው ምክንያት ብዙው ጥናት የሚሠራው ለመመረቂያ ወይም ለመጽሔት መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ መረጃው የተወሰደባት የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ መዝገቡን የሞላችው ነርስ ምን እንደተገኘ ሳይሰሙ ይቀራሉ። በዚህ መልክ ሦስትና አራት ጊዜ የተጠና ጤና ጣቢያ ለአምስተኛው አጥኚ በሩን በወጉ ባይከፍት ሊፈረድበት አይገባም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ይህ እምብዛም አይወራለትም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ጤና ጣቢያዎችና ወረዳዎች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ደግሞ ከዚያ ወራት አስቀድመው ነው። ሰኔ ላይ የተጠናቀቀ ጥናት፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ዕቅዱ ከተዘጋ በኋላ ስለሚደርስ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል፤ እስከዚያም የተቋሙ ኃላፊ ሊቀየር ይችላል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጥናት «ሥልጠና ሊሰጥ ይገባል፣ ትኩረት ሊደረግ ይገባል» ብሎ ነው የሚደመድመው፤ ማን፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው የወጪ ርዕስ የሚለውን አይናገርም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ አጥኚ በእጁ ያለ ነው። ጥያቄውን ከመቅረጹ በፊት የጤና ጣቢያውን ኃላፊ «ዘንድሮ መወሰን የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ውጤቱን መጽሔት ላይ ከማውጣቱ በፊት በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በሠራተኞቹ የጠዋት ስብሰባ ላይ ያቅርብ፤ ይህም መጋቢት ሳያልፍ ይሁን። ከሚጠይቃቸው ለውጦች ቢያንስ አንዱ ተጨማሪ በጀት የማይፈልግ፣ በዚያው ሳምንት ሊጀመር የሚችል ይሁን። ከሦስት ወር በኋላም ያችኑ ሰዓት የሚመዘገብባትን ቁራጭ ወረቀት ይዞ ተመልሶ ይለካ።